ለመስኖ እርሻ የሚሆን ገመድ አልባ የሴንሰር መረብ እንዴት ይነደፋል?

ማሳያችን በመቂና በባቱ ዙሪያ የተለመደ ዓይነት እርሻ ነው፦ 10 ሄክታር መሬት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ አንድ ፓምፕ፣ በስድስት ክፍል የተከፈለ ማሳ። መስኖ አጠጪው በየጠዋቱ የሚወስነው የትኛው ክፍል ዛሬ ውኃ እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ደግሞ እስከ ነገ እንደሚቆይ ነው። መረቡ የሚነደፈው ለዚህ ውሳኔ ነው። ሴንሰሩ፣ ራዲዮው፣ ባትሪውና ሰርቨሩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ከዕቃው ተነስቶ የተሠራ መረብ ብዙ ቁጥር ይሰበስብና ማንም ዞር ብሎ የማያየው ስክሪን ሆኖ ይቀራል።

ከጥያቄው ወደ ቁጥሩ

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በመረጃው የሚሠራው ማን ነው? መረጃው ስንት ሰዓት ቢዘገይ ጉዳት ያመጣል? ምን ያህልስ ትክክል መሆን አለበት? የአፈር እርጥበት ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ስለሆነ አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚጎዳ ሰው የለም። የፓምፕ ግፊት ሲወርድ ግን በደቂቃ ውስጥ መታወቅ አለበት፤ ቧንቧ ፈንድቶ ወይም ፓምፑ ያለ ውኃ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ መረብ ላይ ይኖራሉ፣ በአንድ ደንብ ግን አይመሩም።

ለዚህ እርሻ በየክፍሉ ሁለት የአፈር ኖድ (ሴንሰር፣ ራዲዮና ባትሪ የያዘ የመለኪያ ሳጥን) እናስቀምጣለን፤ 12 ይሆናሉ። ፓምፑ ላይ አንድ የግፊት ኖድ፣ ሜዳ ላይ አንድ የዝናብና የአየር ሙቀት ኖድ ሲጨመር 14። በየክፍሉ ሁለት የሆነበት ምክንያት አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። አንድ ብቻ ከሆነ የታየው ለውጥ የአፈሩ ይሁን የሴንሰሩ መለየት አይቻልም።

ራዲዮው

ዋይፋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሩቅም አይደርስም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዚግቢ ከኖድ ወደ ኖድ እየተቀባበለ መረጃ ስለሚያሳልፍ ለሕንፃ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያቀባብሉት ኖዶች ሁልጊዜ መንቃት አለባቸው፣ ስለዚህ የማያቋርጥ ኃይል ይፈልጋሉ። ርጥብ ቅጠልም ይህን ፍሪኩዌንሲ ክፉኛ ያዳክመዋል። ለተዘረጋ ማሳ የምንመክረው ሎራ የተባለውን፣ በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ ራዲዮ ነው፤ እያንዳንዱ ኖድ በቀጥታ ከጌትዌይ (የሁሉንም ኖድ መልእክት ከሚቀበለው ጣቢያ) ጋር የሚነጋገርበት፣ አንዱ ቢሞት ሌላውን ይዞ የማይወድቅበት አሠራር።

ሎራ ፍጥነቱን በርቀት ይለውጣል። የፍጥነቱ ደረጃ ኤስኤፍ ይባላል፤ ከፈጣኑ ኤስኤፍ 7 እስከ ቀርፋፋውና ሩቅ ደራሹ ኤስኤፍ 12 ይደርሳል። በ125 ኪሎኸርዝ ስፋት፣ በሎራዋን (ሎራ ላይ በተሠራው የመረብ ደንብ) አሠራር፣ 10 ባይት መረጃ የያዘ መልእክት በኤስኤፍ 7 አየር ላይ የሚቆየው 62 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በኤስኤፍ 9 ወደ 206 ሚሊሰከንድ፣ በኤስኤፍ 12 ደግሞ ወደ 1.48 ሰከንድ ይሆናል። ኤስኤፍ 12 ከኤስኤፍ 7 በ14 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የምልክት ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ያህል የደከመ ምልክት ይሰማል፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ 24 እጥፍ የአየር ጊዜ ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ ሁሉም ኖድ በኤስኤፍ 12 ሲዋቀር ባትሪ ያልቃል፣ መልእክቶችም ይጋጫሉ።

ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት የተፈቀደውን የፍሪኩዌንሲ ክልልና የመሣሪያ ፈቃድ ሁኔታ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቁ። የ433፣ የ868ና የ915 ሜጋኸርዝ ሞጁሎች በመልክ አንድ ዓይነት ቢሆኑም ውስጣቸው ለየራሳቸው ክልል የተስተካከለ ነው፤ ለተፈቀደው ክልል የተሠራውን ይምረጡ። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ በ868 የተሠራ ነው።

ለአንድ የአፈር ኖድ የሚያስፈልገው

- ሎራና ማይክሮኮንትሮለር በአንድ ላይ የያዘ ሞጁል፣ በኤስቲኤም32 ደብልዩኤል ቺፕ የተሠራ። ካልተገኘ በ3.3 ቮልት፣ በ8 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ ከአርኤፍኤም95 ሞጁል ጋር
- ሁለት ካፓሲቲቭ (ብረቱ አፈሩን ሳይነካ የሚለካ) የአፈር እርጥበት ሴንሰር
- አንድ ውኃ የማያስገባ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰርና 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር
- አንድ 18650 መጠን ያለው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት
- ለሴንሰሮቹ ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ፒ ቻናል ሞስፌት
- ነጭ አይፒ67 (አቧራና ውኃ የማያስገባ) ሳጥን፣ የኬብል ማጥበቂያዎች፣ አየር የሚያሳልፍና ውኃ የማያሳልፍ ትንሽ መተንፈሻ
- አንቴና፣ 2.5 ሜትር ቱቦ፣ ለኬብል መሸፈኛ 20 ሚሊሜትር የኤሌክትሪክ ቱቦ

ይህን የባትሪ ዓይነት የመረጥነው ሙቀት ስለሚችልና ቮልቴጁ ሞልቶ ከቻርጀር ከወጣ በኋላ ወደ 3.4 ገደማ ስለሚወርድ ያለ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ) በቀጥታ ሞጁሉን መመገብ ስለሚችል ነው። በተለመደው ቲፒ4056 ቻርጀር ግን አይሞላም፤ እሱ እስከ 4.2 ቮልት ድረስ ስለሚሄድ ባትሪውን ይገድለዋል።

ገበያ ላይ ያለው ሹካ የመሰለ ርካሽ ሬዚስቲቭ ሴንሰር አይግዙ። በሁለቱ ጥርሶች መካከል በአንድ አቅጣጫ የሚያልፈው ከረንት ብረቱን ይበላዋል፣ ከሳምንታት በኋላም የሚለካው አፈሩን ሳይሆን ዝገቱን ነው።

የባትሪ ሒሳብ

ሒሳቡ በሦስት መስመር ያልቃል። ኖዱ በየ15 ደቂቃው ይነቃል እንበል። ሴንሰሮቹን ለ2 ሰከንድ በ10 ሚሊአምፔር ሲያሠራ 20 ሚሊአምፔር ሰከንድ ይሄዳል። በኤስኤፍ 9 ለ0.206 ሰከንድ በ45 ሚሊአምፔር ሲልክ 9 ያህል፣ መልስ ለመስማት ጆሮውን ሲከፍት 3 ያህል። ድምሩ 32 ነው። በቀን 96 ጊዜ ሲሆን ወደ 0.85 ሚሊአምፔር ሰዓት ይመጣል። ተኝቶ 10 ማይክሮአምፔር ቢወስድ በቀን 0.24 ይጨመራል። በጠቅላላው በቀን 1.1 ሚሊአምፔር ሰዓት።

ከባትሪው 1500 ውስጥ ለዕድሜና ለሙቀት ቀንሰን 1050 ብቻ እንቁጠር። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይሠራል። ያው ኖድ በኤስኤፍ 12 ቢልክ በቀን 2.6 ገደማ ይወስድና ዕድሜው ወደ 400 ቀን ይወርዳል።

አሁን የእንቅልፉን ከረንት ወደ 5 ሚሊአምፔር ይቀይሩት። በቀን 120 ለእንቅልፍ ብቻ ይሄዳል፤ ባትሪው ዘጠኝ ቀን አይሞላውም። ይህ በምናብ የተፈጠረ ቁጥር አይደለም። ብዙ የልምምድ ቦርዶች ላይ ያለው ሬጉሌተር፣ የዩኤስቢ ቺፕና የኃይል መብራት በአንድነት ይህን ያህል ይበላሉ፣ ዋናው ቺፕ በማይክሮአምፔር ተኝቶ እያለም። ፕሮ ሚኒውን ከመረጡ የኃይል መብራቱንና ሬጉሌተሩን ነቅለው ያውጡ። ከዚያ መልቲሜትሩን ከባትሪው ጋር በተከታታይ አስገብተው በማይክሮአምፔር ይለኩ። ከ20 ማይክሮአምፔር በላይ ካነበቡ ኖዱ ወደ ማሳ አይሄድም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሳይዘጋ የቀረ የሴንሰር መስመር ነው፦ ኃይሉ ቢቆረጥም ከማይክሮኮንትሮለሩ ፒን ወደ ሴንሰሩ ከረንት ሾልኮ ይገባል። ከመተኛቱ በፊት እነዚያን ፒኖች ዝቅ ማድረግ ወይም ማላቀቅ ይፈታዋል።

ከዚህ ሒሳብ የሚከተል አንድ ምክር አለ፦ ለአፈር ኖድ ሶላር ፓነል አያስፈልግም። ፓነል ዋጋ ይጨምራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከሩቅ እያብረቀረቀ ሌባ ይጠራል። ባትሪውን በየዓመቱ ከክረምት በፊት መቀየር ይቀላል።

ሴንሰሩን ከአፈሩ ጋር ማስማማት

ብዙ መረብ የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ካፓሲቲቭ ሴንሰር የሚያነበው ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁን ወደ እርጥበት የሚቀይረው የእርስዎ አፈር ነው። ከኢንተርኔት የተወሰደ ቀመር ለሌላ ሰው አፈር የተሠራ ነው።

ሴንሰሩን ሲገዙ ከላዩ ያለውን ቺፕ ያንብቡ። ቲኤልሲ555 ከሆነ በ3.3 ቮልት ይሠራል። ኤንኢ555 ተብሎ የተጻፈበት ከ4.5 ቮልት በታች አያስተማምንም፣ ይመለስ። ቀጥሎ የሰሌዳውን ጠርዝ ይዩ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ስለሌለው ውኃ ይመጥና ንባቡ ከሳምንት ሳምንት ይንሸራተታል። ጠርዙን በሙሉ፣ ከላይ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ጨምሮ፣ በኢፖክሲ ሁለት ጊዜ ይቀቡ። መሀሉን ወፍራም አድርገው አይቀቡ፤ ከአፈሩ ሲርቅ ስሜቱ ይቀንሳል።

ከዚያ ማስተካከያው። ሴንሰሩ ከሚቀበርበት ጥልቀት 3 ኪሎ ያህል አፈር ይውሰዱ፣ ድንጋይና ሥር ይልቀሙ፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያድርቁ። 2.4 ኪሎ መዝነው በ2 ሊትር ዕቃ ውስጥ እስከ 2 ሊትሩ ምልክት ድረስ ይጠቅጥቁ። ይህ በአንድ ሊትር 1.2 ኪሎ ማለት ነው፤ የማሳው አፈር ከዚህ ከጠነከረ ወይም ከላላ መጠኑን በዚያው ያስተካክሉ። ሴንሰሩን አስገብተው ደረቁን ንባብ ይመዝግቡ። አፈሩን ገልብጠው 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምረው በእጅ ያሹት፣ መልሰው እስከዚያው ምልክት ይጠቅጥቁ፣ ያንብቡ። እያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ነው። እስከ 30 በመቶ ድረስ ሰባት ነጥብ ያገኛሉ። በሴንሰሩና በአፈሩ መካከል ትንሽ አየር እንኳ ከቀረ ንባቡ ደረቅ ይመስላል፤ ጥርጣሬ ካለ ነቅለው እንደገና ይትከሉ።

ርካሽ ሴንሰሮች እርስ በርስ ስለሚለያዩ እያንዳንዱን ቢያንስ በአየር ላይና እስከ ምልክቱ ድረስ በውኃ ውስጥ ለክተው ሁለቱን ቁጥሮች በስሙ ይመዝግቡ። ከሌሎቹ ርቆ የወጣውን አይጠቀሙበት።

ጥቁር የዋልካ አፈር ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ሴንሰሩ አጠገብ ከሆነ መሣሪያው የሚለካው አየር ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ አፈሩ ውኃውን አጥብቆ የሚይዝበትን ኃይል በሴንቲባር የሚለካው ዋተርማርክ የተባለ ሴንሰር የተሻለ ነው። ከመቀበሩ በፊት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት፤ የሚነበበውም በተለዋዋጭ አቅጣጫ ከረንት ብቻ ነው፣ አለዚያ ይበላሻል።

ውኃ የሚያስፈልግበትን ገደብ ማውጣት

ማሳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ እስኪጠግብ ያጠጡ፣ በላስቲክ ይሸፍኑ። አሸዋ ለቀላቀለ አፈር ከ48 ሰዓት በኋላ የሚነበበው አፈሩ የሚይዘው የላይኛው ልክ ነው፤ ለዋልካ ከሦስት ቀን በላይ ይጠብቁ። 22 በመቶ አነበቡ እንበል፣ ተክል የሚጠወልግበት ደግሞ 10 በመቶ ይሁን። በመካከል ያለው 12 ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ ከዚህ ውስጥ ለሽንኩርት 30 በመቶውን፣ ለቲማቲም 40 በመቶውን ሳይጎዱ መጠቀም እንደሚቻል ያስቀምጣል። ስለዚህ ሽንኩርቱ 18.4 ላይ ሲደርስ ውኃ ይፈልጋል፣ ቲማቲሙ 17.2 ላይ። ሁለቱ ሰብሎች በአንድ ማሳ ላይ ሲፈራረቁ ገደቡም አብሮ መለወጥ አለበት። ኖዱ ሳይነቀል በራዲዮ የሚለወጥ ገደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጌትዌይና አንቴና

ስምንት ቻናል የሚሰማ ኮንሰንትሬተር (የጌትዌዩ ራዲዮ)፣ ለምሳሌ በኤስኤክስ1302 የተሠራ፣ ራስፕቤሪ ፓይ ከተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር ይበቃል። ባለ አንድ ቻናል ርካሽ ጌትዌይ ለልምምድ እንጂ ለሥራ አይሆንም፤ ኖዶቹ ቻናል እየቀያየሩ ስለሚልኩ አብዛኛው መልእክት ያልፈዋል። ሰርቨራችን የሚሆነውን ቺርፕስታክ የተባለ ነጻ ሶፍትዌርና ዳታቤዙን እዚያው ፓይ ላይ ይጫኑ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እርሻው ራሱን ችሎ ይቀጥላል፤ በስልክ ኔትወርክ ወደ ውጭ የሚላከው ማጠቃለያ ብቻ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የፓይ ኤስዲ ካርድ ይበላሻል። ከኤስኤስዲ እንዲነሳ ያድርጉት፣ በ12 ቮልት ባትሪ በኩልም ይመግቡት። ጌትዌዩ 6 ዋት ቢወስድ በቀን 144 ዋት ሰዓት ነው፤ 40 አምፔር ሰዓት ያለው የሊቲየም ባትሪ ሦስት ቀን ያህል ይይዘዋል።

አንቴናው የውኃ ጋኑ ማማ ላይ ይውጣ፣ ከብረት ጋኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ። በወረቀት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ቀላል ነው፦ በነጻ አየር የሚጠፋው 91 ዲቢ ነው፤ በ14 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ጥንካሬ) የተላከ ምልክት ከዜሮ በታች 77 ዲቢኤም ሆኖ ይደርሳል፣ ኤስኤፍ 7 ደግሞ ከዜሮ በታች 123 ድረስ ይሰማል። 46 ዲቢ ትርፍ። ነገር ግን በዚህ ርቀት በመንገዱ መሀል ዙሪያውን 5.6 ሜትር ያህል ክፍት ካልሆነ ይህ ትርፍ ይበላል። መሬት ላይ የተቀመጠ ኖድ ይህን ፈጽሞ አያሟላም። ስለዚህ የኖዱን አንቴና ሰብሉ ሲያድግ ከሚደርስበት ከፍታ አንድ ሜትር በላይ ያድርጉት።

ከአንቴናው እስከ ጌትዌዩ ያለው ኬብል አጭር ይሁን። 10 ሜትር አርጂ58 ኬብል 5 ዲቢ ያህል ይውጣል። ጌትዌዩን ማማው ላይ አውጥቶ ኃይልና ኢንተርኔት በአንድ የኔትወርክ ገመድ መላክ ይበልጣል። የመብረቅ መከላከያና እውነተኛ የመሬት ሽቦ ያስገቡ። ማንኛውንም ሎራ ሞጁል ያለ አንቴና እንዲልክ አያድርጉ፣ የማስተላለፊያ ክፍሉ ሊቃጠል ይችላል። አንቴና ከጎደለ 8.2 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ ለ868 ይሠራል።

ቱቦዎቹን ከመትከልዎ በፊት አንድ ኖድ ይዘው በየቦታው 50 መልእክት በኤስኤፍ 7 ይላኩ። 48 እና ከዚያ በላይ ከደረሱ ጥሩ ነው። የምልክትና የጩኸት ልዩነቱንም ይዩ፤ ለኤስኤፍ 7 የመጨረሻው ገደብ ከዜሮ በታች 7.5 ዲቢ ስለሆነ፣ ከዚህ 10 ዲቢ የተሻለ የማይሰጥ ቦታ ላይ ቱቦውን ያርዝሙ ወይም ኤስኤፉን ያሳድጉ። ፍተሻው ማሳው ባዶ ሳለ ከተደረገ ትርፉን 15 ዲቢ ያድርጉት፤ ቲማቲሙ ሲያድግና ቅጠሉ ሲረጥብ ያስፈልግዎታል።

የመልእክቱ ቅርጽ

መረቡ ነገ አዲስ ዓይነት ሴንሰር እንዲቀበል የሚያደርገው የመልእክቱ አቀማመጥ ነው። ለ10 ባይቱ የምንመክረው፦ 1ኛው ባይት የኖዱ ዓይነትና የቅርጹ ቁጥር፤ 2ኛው አሁን የሚሠራበት የደንብ ቁጥር፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ባይት ለላይኛው እርጥበት፣ ለታችኛው እርጥበትና ለሙቀት፤ 9ኛው የባትሪ ቮልቴጅ፤ 10ኛው የስህተት ምልክቶችና ኖዱ ለመጨረሻ ጊዜ ለምን እንደተነሳ። ቮልቴጁን በአንድ ባይት ለመያዝ 2.00 ይቀነስና በ0.01 ይከፈላል።

የቅርጽ ቁጥሩን ያለ ምክንያት አላስቀደምነውም። የቅርጽ ቁጥር የሌለው መረብ ላይ አዲስ ሴንሰር ሲጨመር አሮጌዎቹን ኖዶች ሁሉ ነቅሎ ሶፍትዌር መቀየር የግድ ይሆናል። ሰርቨሩ የማያውቀው ቁጥር ሲመጣ መልእክቱን ሳይጥል በጥሬው ያስቀምጠው።

ወደ ሰርቨሩ ጥሬውን ንባብ ይላኩ፣ ወደ በመቶ የሚቀየረው እዚያ ይሁን። ማስተካከያው በኋላ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ያለፈው ወቅት መረጃ በሙሉ እንደገና ሊሰላ ይችላል። ኖዱ ራሱ ለሚወስደው ውሳኔ ግን ገደቡ በጥሬ ቁጥር ተተርጉሞ ይላክለት።

እያንዳንዱ ኖድ የራሱ የምስጢር ቁልፍ ይኑረው፣ አገባቡም በኦቲኤኤ (ኖዱ መረቡን ሲቀላቀል በራዲዮ በሚመዘገብበት መንገድ) ይሁን። ለሁሉም አንድ ቁልፍ ከተሰጠ አንድ የተሰረቀ ኖድ መረቡን በሙሉ ይከፍታል።

ብልኅነቱ የት ይቀመጥ?

ኖዱ በየ15 ደቂቃው ይለካ፣ ሁልጊዜ ግን አይላክ። አምስት ንባብ በተከታታይ ወስዶ መሀለኛውን ይያዝ፤ አንድ የተሳሳተ ንባብ እንዲህ ብቻውን ይወድቃል። ከዚያ መጨረሻ ከላከው ቁጥር ከአንድ በመቶ በላይ ከተለየ ይላክ፤ ካልተለየ ዝም ይበል፣ በየሁለት ሰዓቱ ግን መኖሩን ያሳውቅ። ያ የሁለት ሰዓት መልእክት ከሌለ ዝምታው ሰላም ይሁን ሞት አይታወቅም። የጠፋ መልእክት ለማወቅ ደግሞ የሎራዋን ተራ ቁጥር አለ፤ ሰርቨሩ ቁጥር ሲዘል ካየ ክፍተቱን ይመዝግብ።

እርጥበቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ1.5 በመቶ በላይ ከጨመረ ውኃ እየገባ ነው ማለት ነው። ኖዱ ራሱ ወደ 5 ደቂቃ ይቀይር፣ ለሦስት ተከታታይ ንባብ ለውጥ ሲጠፋ ወደ ነበረበት ይመለስ። በዚህ ውኃው ታችኛው ሴንሰር ላይ የደረሰበት ሰዓት በደንብ ይታያል፤ ማጠጣት የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ውኃ ማዳበሪያውን ይዞ ከሥር በታች ይወርዳል።

ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ኖድ ማየት የሚፈልገው ነው። የአንድ ክፍል ሁለት ኖዶች ከ6 በመቶ በላይ ለአንድ ቀን ከተለያዩ «ይታዩ» የሚል ምልክት ይውጣ። ዝናብ ሳይኖር፣ ፓምፕ ሳይከፈት እርጥበት ከጨመረ ወይ ቧንቧ ያፈሳል ወይ ሴንሰር ውኃ ገብቶበታል። ማስጠንቀቂያ የሚላከው ከገደቡ በታች ሦስት ተከታታይ ንባብ ሲመጣ ነው፤ እንደገና የሚነሳው ደግሞ ከገደቡ 1.5 በመቶ ከፍ ብሎ ከወረደ ብቻ። ይህ ካልተደረገ ገደቡ ላይ የሚወዛወዝ ንባብ በቀን ሃያ መልእክት ይልካል፣ ሰውየውም ስልኩን ይዘጋል።

የስልክ መልእክቱ በአማርኛ ሲሆን አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ግን 160። «ክፍል 3 ሽንኩርት ደርቋል፣ ዛሬ ይጠጣ» ይበቃል። ዳታቤዙ ጊዜን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይያዝ። ለመስኖ አጠጪው በሚላከው ላይ ግን በሀገራችን አቆጣጠር ይቀየር፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 መቀነስ ነው፤ እዚያ 4 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ነው።

የሎራዋንን ራሱን የሚያስተካክል ፍጥነት ለቆሙ ኖዶች ይክፈቱት፣ የመተማመኛ ትርፉን ግን 15 ዲቢ ያድርጉት። «ደረሰኝ» የሚል መልስ ለሁሉም መልእክት አይጠይቁ። ጌትዌዩ በሚናገርበት ጊዜ መስማት ስለማይችል መልስ በበዛ ቁጥር የሚጠፋው መልእክት ይበዛል። መልስ ለፓምፕ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሁን።

ፓምፕና ቫልቭ

ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካው የተለመደ የግፊት ሴንሰር በ5 ቮልት ይሠራና ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ያወጣል፤ አንድ ባር 0.4 ቮልት ነው። በሁለት እኩል ሬዚስተር ለሁለት ይከፈልና ለማይክሮኮንትሮለሩ ይሰጥ። ዜሮ ባር ከክፍፍሉ በኋላ 0.25 ቮልት ስለሆነ ከ0.1 በታች የሚነበብ ነገር የተቆረጠ ሽቦ ነው፣ «ግፊት የለም» ተብሎ አይመዝገብ። ይህ ኖድ በመብራት ይሠራል፣ ባትሪም ይኑረው፤ መብራት መጥፋቱን ራሱ መናገር አለበት።

ቫልቭ በራዲዮ የሚከፈት ከሆነ ትዕዛዙ «ክፈት» ብቻ አይሁን፤ «ለ40 ደቂቃ ክፈት» ይሁን፣ ጊዜው ሲያልቅ ኖዱ ማንንም ሳይጠብቅ ይዝጋ። የ«ዝጋ» መልእክት አንድ ቀን ይጠፋልና። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ተራ ቁጥር ይኑረው፣ ተደግሞ የደረሰ ትዕዛዝ ቫልቩን ዳግም እንዳይከፍተው። በእጅ የሚዞረው ቫልቭም አይነቀል።

ማሳ ላይ

ለሽንኩርት 15 እና 30 ሴንቲ ሜትር፣ ለቲማቲም 20 እና 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይያዙ። ጠብታ መስኖ ከሆነ ከጠብታው 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ በቦይ ከሆነ ደግሞ ከመደቡ ጎን። ሴንሰሩ ከወጣው አፈር ጋር በተለወሰ ጭቃ ዙሪያው ይሞላ፣ ከላይ በደንብ ይጠቅጠቅ፤ አለዚያ ውኃው ገመዱን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ ይወርዳል። ገመዱ በቱቦ ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀበር። የኬብል ጠላቶች አይጥና ኩትኮታ ናቸው፤ የመስመሩን መነሻና መድረሻ በቀለም በተቀባ ችንካር ያመልክቱ፣ ለሚኮተኩቱት ሰዎችም በአካል ያሳዩ። ከእርሻ በፊት ሁሉም ይነቀል።

ሳጥኑ ላይ የኬብል መግቢያዎቹ ወደ ታች ይዩ። ቀን የሞቀው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በላስቲኩ በኩል ርጥበት ይስባል፤ መተንፈሻው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ቢታጠፍ ጠብታው እዚያ ይቀራል።

ሲበላሽ

ሙቀቱ 85 ዲግሪ ካሳየ ዲኤስ18ቢ20 መለካቱን ሳይጨርስ ተነብቧል፤ በሙሉ ጥራት 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ከዜሮ በታች 127 ካሳየ ሽቦው ተቋርጧል ወይም ሬዚስተሩ የለም።

እርጥበቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከፍ ማታ ዝቅ እያለ ከዞረና ውኃ ካልተሰጠ፣ የሚለዋወጠው የሴንሰሩ ሙቀት ነው። አጠገቡ ባለው ሙቀት መለኪያ ያርሙት፣ ወይም ለውሳኔ የማለዳውን ንባብ ብቻ ይጠቀሙ።

ኖዱ እየደጋገመ ወደ መረቡ አዲስ ሆኖ የሚገባ ከሆነ 10ኛውን ባይት ይዩ። የቮልቴጅ መውደቅ የሚል ከሆነ ሲልክ ባትሪው አልቻለም፤ ያረጀ ባትሪ፣ የላላ መያዣ ወይም ዝገት ነው። በ3.6 ቮልቱ የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ ከሆነ የሚሠራው፣ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የቆየ ባትሪ በድንገት ብዙ ከረንት መስጠት ስለማይችል አጠገቡ ትልቅ ካፓሲተር ያስፈልጋል።

አንድ ክፍል ብቻ ቀስ በቀስ መልእክት እየጠፋበት ከሄደ ሰብሉ አንቴናውን አልፎት አድጎ እንደሆነ ይዩ፣ ከዚያ አንቴናው የሚገባበትን ማገናኛ ይፍቱ። አረንጓዴ ዝገት ካለ ይቀየር፣ አዲሱም ከተጠበቀ በኋላ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ይሸፈን። ሁሉም ኖዶች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን ወደ ማሳው አይሂዱ፤ መጀመሪያ የሚታየው የጌትዌዩ ኃይል ነው።

ሰርቨሩ ላይ ምንም ስህተት ሳይታይ አንድ ኖድ ለቀናት ያንኑ ቁጥር ከላከ፣ ሞስፌቱ ለሴንሰሩ ኃይል መክፈት አቁሞ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚነበበው ቁጥር በአየርና በውኃ ከመዘገቧቸው ሁለት ቁጥሮች ውጭ ስለሚወድቅ፣ ከእነዚያ ወሰኖች ያለፈን ንባብ ሁሉ ከስህተት ምልክት ጋር እንዲልክ ኖዱን ያዘጋጁት።